እናትሽ ናት የላከችልሽ

ከገበያው ጀርባ፣ ጠባቡ መንገድ ወደ ወንዙ ከመታጠፉ በፊት፣ በሩ ከቆርቆሮ የተሠራ አንድ ትንሽ ግቢ ነበር። በዚያ ግቢ ውስጥ አንዲት ባልቴት ከልጅ ልጇ ጋር ትኖር ነበር። ባልቴቷን ሰፈሩ ሁሉ "ፍራሽ ሰፊዋ" ይላታል። ሥራዋ የሰው አሮጌ ፍራሽ ማደስ ነው። የፍራሹን ጎን ትተረትራለች፤ ለዓመታት ሰው ተኝቶበት ድንጋይ የሆነውን ጥጥ አውጥታ ፀሐይ ላይ ታሰጣዋለች፤ በዱላ እየመታች ታፍታታዋለች፤ ከዚያም መልሳ ሞልታ በረጅም መርፌና በሲባጎ ትሰፋዋለች። ክሩን ስትጨርስ ወደ ኋላ ደጋግማ መልሳ ቋጠሮውን በውስጥ በኩል ትደብቀዋለች፤ ተኝቶ የሚገላበጥ ሰው እንዳይፈታው። በዚያ ቤት ጥጥ የማይገባበት ቦታ አልነበረም። ጥጥ በቅንድባቸው፣ ጥጥ በሚጠጡት ውኃ፣ ጥጥ በልጅቷ ደብተር መሀል! "እኛ ቤት ሽበት የሚጀምረው በልጅነት ነው" እያለች ትስቅ ነበር። የማን ልጅ አልጋ ላይ እንደሚያመልጠው፣ የትኛው ባልና ሚስት ተራርቀው እንደሚተኙ ከፍራሹ ጉድጓድ ታውቃለች። ግን አንድም ቀን ከአፏ ወጥቶ አያውቅም። ምሥጢር መያዝ ሥራዋም ጠባይዋም ነበር... ወዮ! ያ ጠባይዋ ነው በኋላ ገደል አፋፍ ያደረሳት።

የልጅ ልጇን "ሚጢጢ" ነበር የምትላት። ቀጭን፣ ዓይኗ ትልልቅ፣ ለዕድሜዋ ዝምታዋ የበዛ ልጅ ናት። የአያቷ ዓይን ስለደከመ መርፌ ላይ ክር የምታስገባው እሷ ነበረች። ከትምህርት ቤት ስትመለስ ቦርሳዋን በር ላይ ትጥልና ከአያቷ ጎን ቁጭ ብላ ክሩን ትይዛለች። ሲያዩዋቸው ደስ ይላሉ። ግን በዚያ ቤት አንድ ነገር ክልክል ነበር፤ ማልቀስ! ፍራሽ ሰፊዋ ዕንባዋ ሲመጣባት ዱላዋን አንስታ ጥጡን መምታት ትጀምራለች፤ አቧራው ሲነሳ "ዓይኔ ውስጥ ገባ" ትላለች። ለምን ይሆን? አንዲት እናት የራሷን ዕንባ እንደ ሌባ የምትደብቀው ምን ቢደርስባት ነው?

ነገሩ እንዲህ ነው። ፍራሽ ሰፊዋ አንድ ልጅ ብቻ ነበረቻት፤ በልብስ ፋብሪካ የምትሠራ፣ ሳቋ ከመንገዱ ማዶ የሚሰማ ልጅ። ይህች ልጅ አንድ የጭነት መኪና ሹፌር ወደደች። አብረው መኖር ጀመሩ፤ ሚጢጢም ተወለደች። ሕፃኗ ቆማ መሄድ ሳትጀምር ግን ሹፌሩ ጭነት ይዞ ወጣ... እንደ ወጣም ቀረ። ሩቅ ከተማ ሌላ ሚስት አግብቷል ተባለ። የሚጢጢ እናት አልረገመችውም። ልጇን አዝላ ወደ እናቷ ግቢ ተመለሰች፤ ፋብሪካ ውላ ማታ ጥጥ እያፍታታች ልጇን አሳደገች። ሳቋም አልቀነሰም።

ከዚያ በሽታው መጣ። መጀመሪያ ድካም ነበር፤ ቀጥሎ ሳል፤ ከዚያ ሥጋዋ ከአጥንቷ ላይ ይረግፍ ጀመር። የሰፈሩ ሐኪም ቤት አይቷት "ከእኛ አቅም በላይ ነው" ብሎ ወደ ትልቁ ከተማ ሆስፒታል ላካት። አውቶቡስ ተራው ላይ ጎንበስ ብላ የልጇን ፊት በሁለት እጇ ይዛ፣ "ለሥራ ነው የምሄደው፣ እሺ? ልብስ እልክልሻለሁ፤ አያትሽ አድርሳኝ ትመለሳለች፣ እስከዚያ ጎረቤት እንዳታስቸግሪ" አለቻት። ሚጢጢም "ቀይ ልብስ!" አለች። እናትየዋ ስቃ ወደ አውቶቡሱ ዞረች። ያን ሳቅ ሚጢጢ ዳግመኛ አልሰማችውም!

ፍራሽ ሰፊዋ ልጅቷን ለጎረቤት አደራ ሰጥታ ልጇን ለማስታመም አብራ ሄደች። በሆስፒታሉ ረጅም ክፍል፣ በልጇ የብረት አልጋ አጠገብ፣ መሬት ላይ እየተኛች አስታመመቻት። የሰው ሁሉ ፍራሽ ያደሰች እናት የራሷ ልጅ በቀጭን ስፖንጅ ላይ ስትቃትት ማየት... ምን ዓይነት ዕጣ ነው! ከመንገድ ማዶ ይሰማ የነበረው ድምፅ ከትራስ አልፎ መሰማት አቃተው። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ፀሐይዋ በመስኮቱ ገብታ አልጋው ጫፍ ላይ እንዳረፈች፣ "እማዬ፣ ሚጢጢን..." አለችና አልጨረሰችውም። የቀበሯት እናቷ፣ አንዲት ነርስና በማያውቁት ሰው ሐዘን ያዘኑ የሌሎች ሕመምተኞች አስታማሚዎች ናቸው። ሬሳውን ወደ አገሯ ለመውሰድ አቅሙ ከየት ይምጣ?

ፍራሽ ሰፊዋ አንድ ቦርሳ ብቻ ይዛ ተመለሰች። መንገዱን ሙሉ "ዛሬ እነግራታለሁ፤ ገና እንደገባሁ እነግራታለሁ" ስትል ነበር። የቆርቆሮውን በር ስትገፋ ሚጢጢ ሮጣ መጥታ እግሯ ላይ ተጠመጠመች።

"እቴቴ! እማዬ ምን ላከችልኝ?"

የባልቴቷ አፍ ተከፈተ። ቃሉ ምላሷ ላይ ነበር። ግን የልጅቷን ዓይኖች አየች... እጇ ሳታዘው ቦርሳው ውስጥ ገባ፤ የሟቿን ቀይ ሻርፕ ይዞ ወጣ።

"ይኸውልሽ" አለች። "እናትሽ ናት የላከችልሽ።"

አንዴ እንዲህ ከተባለ በኋላ መመለሻው ጠፋ። ፍራሽ ሰፊዋ ጎረቤቶቿን አንድ በአንድ እየጠራች ለመነቻቸው። "ልጅቷ ትንሽ እስክትጠና ድረስ" አለቻቸው። ሰፈሩ ሁሉ አንድ ሆኖ አፉን ዘጋ። ለቅሶ ሊደርስ የመጣ ሰው በሹክሹክታ "ፈጣሪ ያጽናሽ" ብሎ፣ ጮክ ብሎ "ፍራሼን መቼ ላምጣልሽ?" እያለ ይወጣል። የሚገርመው ደግሞ ጎረቤቷ "ሬዲዮ" ነበረች። ሬዲዮ የሚሏት ወሬ ከማለዳ እስከ ምሽት ስለማታቆም ነው፤ እሷ የሰማችውን ያልሰማ ሰፈር የለም። ይህን አንድ ነገር ግን ዋጥ አድርጋ ያዘችው።

ከዚያ ጀምሮ "የእናቷ" ልብስ መምጣት ጀመረ። ፍራሽ ሰፊዋ ከልብስ ሰፊዎች ቁርጥራጭ ጨርቅ እየለመነች፣ ሚጢጢ ትምህርት ቤት በሄደችበት ሰዓት ሬዲዮ ክር እያስገባችላት እየሰፋች፣ በላስቲክ ጠቅልላ ትሰጣታለች። "እናትሽ ናት የላከችልሽ!" በመጀመሪያ ልጅቷ ትዘል ነበር። እየቆየች ሲሄድ ግን ልብሱን ተቀብላ፣ ገልበጥ አድርጋ አይታ፣ አጥፋ ታስቀምጠዋለች። "እማዬ መቼ ነው የምትመጣው?" ማለትም ተወች። ፍራሽ ሰፊዋ ይህን አይታ ልቧ አረፈ። "እየረሳችው ነው፤ ተመስገን" አለች። ምንኛ ተሳስታ ነበር!

ዓመታት እንዲህ አለፉ። አንድ ጠዋት ሚጢጢ ቤት ውስጥ ደብተሯን ስትሰበስብ፣ የቆርቆሮው በር ተንኳኳ። ሰውየው ወፍሯል፤ ፀጉሩ ሳስቷል። ፍራሽ ሰፊዋ ግን በአቋቋሙ አወቀችው። ሹፌሩ ነበር።

"እናቴ፣ ደህና ነዎት?"

"ማንን ፈልገህ ነው?"

"ልጄን።"

"ልጅህን መንገድ ላይ ፈልጋት። የጠፋኸው እዚያ ነው።"

ሹፌሩ አንገቱን ደፋ፤ ቀጥሎ ግን ድምፁ ከፍ አለ። "ይስደቡኝ፣ ይገባኛል። ግን እናቷ ሞታ ለእኔ አይነገርም? አንድ መንገደኛ ነው የነገረኝ! የልጄ እናት ስትቀበር እኔ..."

ፍራሽ ሰፊዋ ዘላ አፉን በመዳፏ ከደነችው። "ዝም በል! ልጅቷ ትሰማለች!"

ሰውየው እጇን ከአፉ ላይ ቀስ ብሎ አነሳ። ፊቱ ተለወጠ። "አልነገሯትም እንዴ?" አለ በሹክሹክታ። በመስኮቱ በኩል የልጁን ትንሽ ትከሻ ሲያይ ቆየ፤ ከዚያ ዞሮ ወጣ። ብዙም ሳይቆይ ከፍርድ ቤት መጥሪያ መጣ። አባት ልጁን ማሳደግ እፈልጋለሁ ብሏል።

ከዚያን ቀን ወዲያ ለፍራሽ ሰፊዋ ዓለም ሁሉ አንድ ጥያቄ ሆነች፤ ሚጢጢን ይወስዱብኛል ወይስ አይወስዱብኝም? እሱ ቤት አለው፤ ደመወዝ አለው፤ ጠበቃ አለው። እሷስ? ጥጥ! መጀመሪያ በተጠራችበት ቀን ዳኛው ከመነጽራቸው በላይ አዩአት።

"ጠበቃ አለዎት?"

"ፈጣሪ አለኝ፣ ክቡር ዳኛ።"

"እሱስ ለሁላችንም አለ። እዚህ ግን የሚናገርልዎት ሰው ያስፈልግዎታል" አሉ ዳኛው፤ ድምፃቸው አልከፋም። "ምድር ቤት ይውረዱ። መክፈል ለማይችሉ ሰዎች በነፃ የሚቆሙ ጠበቆች አሉ። ከእነሱ ጋር ይመለሱ።"

ምድር ቤት ያለው ክፍል ጠባብ ነበር። ረጅም አግዳሚ ወንበር፣ በወንበሩ ላይ እንደ እሷ ዓይኑ የፈዘዘ ሰው፤ ከቤቷ የተባረረች ተከራይ፣ ቀለብ የተከለከለች ሚስት፣ ደመወዙን የተነፈገ ዘበኛ። ተራዋ ደርሶ ስትገባ ጠበቃዋ አንዲት ወጣት ሆና አገኘቻት። ጉንፋን ይዟት አፍንጫዋ ቀልቷል። "ይቺ ልጅ ናት የምታድነኝ?" አለች ፍራሽ ሰፊዋ በልቧ።

"ዋጋው እንዴት ነው፣ ልጄ?"

"ነፃ ነው፣ እማማ።"

"ታዲያ አንቺ ምን ትበያለሽ?"

ወጣቷ ሳቀች። "ደመወዝ አለኝ። መሥሪያ ቤቱ ይከፍለኛል።"

"ሹፌሩ መጥቶ ደህና አድርጎ ቢከፍልሽስ?"

"ከሥራ እባረራለሁ።"

"እንዲያ ከሆነ ጥሩ" አለች ፍራሽ ሰፊዋ፤ ተደላድላ ተቀመጠች። ከዚያ ወንበሩን ዳበስ ዳበስ አደረገችና፣ "ይሄ ነገርሽ ድንጋይ ነው። መደገፊያ ትራስ ልስፋልሽ" አለቻት።

"ክልክል ነው፣ እማማ። ከባለጉዳይ ምንም አንቀበልም።"

"ትራስም?"

"ትራስም።"

"ምን ዓይነት ሥራ ነው፣ ትራስ የሚከለክል!"

ጠበቃዋ መሀረቧን አፍንጫዋ ላይ አድርጋ ስትስቅ ቆየችና ፊቷን ኮስተር አደረገች። "ከእርስዎ የምፈልገው አንድ ነገር ነው። ክፉውንም ደጉንም ሁሉንም ይንገሩኝ። ችሎት ፊት ከሌላ ሰው አፍ ከምሰማው፣ እዚህ ከእርስዎ ልስማው።"

ፍራሽ ሰፊዋም ነገረቻት። የልጇን ሕመም፣ የሹፌሩን መጥፋት፣ የሚጢጢን ትምህርት... ሁሉን ነገረቻት፤ ከአንዱ በስተቀር። ያንን አንድ ነገር ቋጠሮውን በውስጥ በኩል ደብቃ ሰፋችው። "ማን ይጠይቃል?" አለች። አዬ እናት! ፍርሃት ሲይዝሽ ሊረዳሽ ከመጣውም ሰው ትደብቂያለሽ!

በሁለተኛው ቀጠሮ ዳኛው ልጅቷን ብቻዋን ማነጋገር እፈልጋለሁ አሉ። ሚጢጢ የትምህርት ቤት ልብሷን ለብሳ ወደ ዳኛው ክፍል ገባች። በሩ ተዘጋ። ፍራሽ ሰፊዋ በሩን እያየች ጣቶቿን ትቆጥር ጀመር፤ ስንት ጊዜ እንደቆጠረቻቸው እሷም አታውቅም። ልጅቷ ወጥታ አብራቸው ወደ መጣችው ወደ ሬዲዮ ሄደች፤ ሬዲዮም ይዛት ወደ ውጭ ወጣች። ከዚያ ዳኛው ወጡ። ፊታቸው ልክ አልነበረም።

"እናትሽ የት ናት ብዬ ጠየቅኋት" አሉ። "ለሥራ ሄዳለች፤ ልብስ ትልክልኛለች አለችኝ። መዝገቡ ግን እናትየው እንደሞተች ይላል። ይህ ምንድን ነው?"

የሹፌሩ ጠበቃ ተነሳ። "ክቡር ዳኛ፣ እኛም ይህንኑ ልናነሳ ነበር። እኚህ ሴት ለዓመታት ልጅቷን ዋሽተዋል። የሞተች እናት እየጠበቀች እንድታድግ አድርገዋል። እንዲህ ያለ ሰው ልጅ ያሳድጋል?"

ሹፌሩ ራሱ ጠበቃውን በእጁ ጎተት አደረገው፤ ነገሩ እንዲህ ጮክ ተብሎ ሲነገር እንዳሳፈረው ያስታውቃል። ፍራሽ ሰፊዋ ግን ምንም አላየችም። ወጣቷ ጠበቃ ተነስታ አጭር ቀጠሮ ለመነች፤ ተፈቀደላት። ኮሪደሩ ላይ እንደወጡ ወደ እሷ ዞረች።

"ለምን አልነገሩኝም?"

"ፈራሁ።"

"እኔንም ፈሩኝ? እኔ እኮ የእርስዎ ነኝ፣ እማማ!" የወጣቷ ዓይን ዕንባ አቀረረ። "አሁን ምን ይዤ ልቁም?"

ፍራሽ ሰፊዋ ግድግዳውን ተደግፋ ቀስ ብላ ወለሉ ላይ ተቀመጠች። ጠበቃዋም የሰው ሁሉ ዓይን እያየ አጠገቧ ቁጭ አለች። "ሕጉን ለእኔ ይተዉት" አለች። "እሱ ሥራዬ ነው፤ እዋጋለሁ። ይሄኛውን ግን ማንም ጠበቃ አይሠራልዎትም። ለልጅቷ መንገር ያለብዎት እርስዎ ነዎት።"

"ትሞትብኛለች።"

"ከእርስዎ ካልሰማች ከማን ትስማ? ከዳኛ?"

በማግስቱ ሚጢጢ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ግቢው በጥጥ ነጭ ሆኖ ጠበቃት። የተተረተረ ፍራሽ መሀል አያቷ ቁጭ ብላለች፤ ዱላዋ መሬት ላይ ተጥሏል። ልጅቷ እንደ ልማዷ ክሩን ለማስገባት እጇን ዘረጋች።

"ተይው ዛሬ" አለች ፍራሽ ሰፊዋ። "ነይ፣ እዚህ ቁጭ በይ። ሚጢጢዬ... እናትሽ ለሥራ አልሄደችም። ታማ ነበር የሄደችው። ሆስፒታል... እዚያው አረፈች። ክንዴ ላይ ነው ያረፈችው። ያንን ቀይ ሻርፕ ይዤ የመጣሁ ዕለት... ያኔ ልነግርሽ ነበር። አቃተኝ። ሻርፑ የእሷ ነው፤ የቀሩትን ልብሶች..."

"የቀሩትን የምትሰፊው አንቺ ነሽ" አለች ሚጢጢ።

ባልቴቷ ቀና ብላ አየቻት።

"ስፌትሽን አውቀዋለሁ፣ እቴቴ። ወደ ኋላ መልሰሽ በውስጥ በኩል ነው የምትቋጥሪው፤ እንደዚህ የሚሰፋ ሌላ ሰው የለም። ገና ድሮ ነው ያወቅሁት።" ልጅቷ ከመሬቱ ጥጥ አንስታ በጣቶቿ ትበጣጥስ ጀመር። "እማዬ ምንም እንደማትልክ አወቅሁ። ረስታኛለች አልኩ። ሌላ ልጅ ወልዳ፣ እኔን ረስታ፣ አንቺ ደግሞ እንዳላዝን ብለሽ የምትሸፋፍኚላት መሰለኝ። እኔም እንዳታዝኚ ብዬ ዝም አልኩ። ዳኛውንም እንደዚያው አልኩት... እጠላት ነበር፣ እቴቴ! በጣም እጠላት ነበር!"

አቤት! የፍራሽ ሰፊዋ ልብ ያን ጊዜ እንዴት አልቆመ? ልጅቷን ከሞት ወሬ ልትከልል ብላ ከሞት የከፋ ነገር አሸክማት ኖራለች! እናቷ የረሳቻት ልጅ አድርጋ አሳድጋታለች! እጆቿን ዘርግታ ያዘቻት።

"የመጨረሻ ቃሏ አንቺ ነበርሽ" አለች። "ስምሽን ጠርታ ነው... ሌላ ቃል አልተናገረችም።"

"አልረሳችኝም?"

"አልረሳችሽም፣ ልጄ! አንድ ቀን እንኳ!"

"አልረሳችኝም..." አለች ሚጢጢ፤ ከዚያ ከትንሿ ደረቷ ውስጥ ያ ሁሉ ዓመት የተጠራቀመ ጩኸት ወጣ። አለቀሰች! አያቷም አለቀሰች፤ ዱላም አላነሳች፣ አቧራም አላመካኘች። ጥጡ መሀል ተቃቅፈው ነጭ ሆነው አለቀሱ። ሬዲዮ በአጥሩ በኩል ሰምታ እየሮጠች መጣች፤ በሩ ላይ ቆማ አየቻቸውና፣ "ተነገረ?" አለች። "ተነገረ" ስትባል ነጠላዋን ፊቷ ላይ አድርጋ፣ "ተመስገን! ልፈነዳ ነበር እኮ!" ብላ ከእነሱ ብሳ እሪ አለች። ያ ሰፈር ለዓመታት የዋጠውን ለቅሶ በዚያን ቀን በጠራራ ፀሐይ አለቀሰው። የሚገርመው፣ ሐዘን ሆኖ ሳለ ሁሉም ሰው ከግቢው ሲወጣ ትከሻው ቀሎት ነበር።

በመጨረሻው ቀጠሮ ወጣቷ ጠበቃ የሹፌሩን ጠበቃ አልጠበቀችም፤ ቀድማ ተነሳች። "ክቡር ዳኛ፣ ደንበኛዬ ዋሽተዋል" ብላ ጀመረች። "አልክድም። አሁን ግን ልጅቷ እውነቱን ከአያቷ አፍ ሰምታለች። አባትየው ከሄዱ በኋላ ይህችን ልጅ ያበሉ፣ ያስተማሩ፣ ስትታመም አዝለው ሐኪም ቤት የወሰዱ እኚህ ናቸው። የተሳሳቱትም ከመውደድ ነው። አባት አባት ነው፤ ከልጁ አይለይ እንላለን። ልጅቷ ግን እናቷን ባወቀችበት ዕለት ማግሥት ቤቷን አትጣ!" አፍንጫዋ የቀላው ያቺ ልጅ፣ ድምፅዋ ግድግዳውን ሲመታ ፍራሽ ሰፊዋ አፏን ከፍታ ቀረች።

ሬዲዮ ለምስክርነት ተጠራች። የሹፌሩ ጠበቃ፣ "እርስዎስ ይህን ሁሉ ዓመት እያወቁ ለምን ዝም አሉ?" ቢላት፣ "እኔን?" አለች እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ። "ወንድሜ፣ ሰፈር ወርደህ ጠይቅ። በዕድሜዬ የያዝኩት ምሥጢር ይሄ ብቻ ነው፤ እሱም አሞኛል!" ዳኛው ሳይቀሩ ሳቃቸውን በሳል ሸፈኑት። ከዚያም ሚጢጢን እንደገና ወደ ክፍላቸው ጠሯት። ይህ ጊዜ ከቀድሞው ረዘመ።

ከጥቂት ቀን በኋላ ውሳኔው ተነበበ። ፍራሽ ሰፊዋ የሕጉን ቃል አልተከተለችም፤ የዳኛውን አፍ ብቻ ነበር የምታየው። አንድ ቦታ ላይ ግን ዳኛው ወረቀቱን ትተው ቀና አሉ።

"ልጅቷን የት መኖር እንደምትፈልግ ጠየቅኋት" አሉ። "እንዲህ ነው ያለችኝ፤ 'አባቴን አልጠላውም። ግን እሱ ቤት ስለ እናቴ የሚያወራልኝ ሰው የለም። ገና ትናንት ነው ስለ እሷ መስማት የጀመርኩት። አያቴ ብዙ ይቀራታል።'" መነጽራቸውን አወለቁ። "ፍርድ ቤቱ ልጅቷ ከአያቷ ጋር እንድትኖር ወስኗል። አባት በየሳምንቱ መጨረሻና በትምህርት ቤት ዕረፍት ልጁን ያገኛል፤ ለማሳደጊያዋም ይረዳል።"

"ምን አሉ?" አለች ፍራሽ ሰፊዋ።

"አይወስዷትም፣ እማማ" አለች ጠበቃዋ። "ቤቷ ቤትዎ ነው። አለቀ።"

አለቀ! ያ ደረቷ ላይ ተጭኖባት የነበረ የድንጋይ ክምር ተንዶ ወረደ። ፍራሽ ሰፊዋ ጠበቃዋን አንገቷን አንቃ ሳመቻት፤ "ይሄም ክልክል ነው?" አለቻት። ወጣቷ፣ "ይሄ አይከለከልም" አለችና እሷም አጥብቃ አቀፈቻት። ወዲያው ግን ሌላ ባለጉዳይ ስለሚጠብቃት ፋይሏን ይዛ ደረጃውን እየሮጠች ወረደች።

ኮሪደሩ መጨረሻ ላይ ሹፌሩ ብቻውን ቆሟል። ፍራሽ ሰፊዋ ሚጢጢን በእጇ ይዛ ልታልፈው ነበር፤ ፊቱን ስታይ እግሯ ያዛት። የተሸነፈ ሰው ፊት አልነበረም፤ መጠየቅ የፈራ ሰው ፊት ነበር።

"እናቴ" አለ። "የት ነው ያረፈችው?"

"ሩቅ ነው። እኔም ከቀበርኳት ወዲህ መሄጃ አጥቼ አላየኋትም።"

ሹፌሩ የቁልፉን ዘለበት በጣቶቹ ሲያሽከረክር ቆየ። "እኔ መንገዱን አውቀዋለሁ" አለ። "ስንት ጊዜ በዚያ ከተማ አልፌያለሁ... እሷ እዚያ ተኝታ፣ እኔ ጭነቴን ይዤ... ከፈቀዱልኝ ልውሰዳችሁ።"

ፍራሽ ሰፊዋ ወደ ሚጢጢ አየች። ሚጢጢ አባቷን ከእግር እስከ ራሱ ስታየው ቆየችና፣ "መኪናህ ለሦስት ሰው ይበቃል?" አለችው።

ይበቃል። በዚያው ሳምንት መጨረሻ ሦስቱም በጭነት መኪናው ጋቢና ውስጥ ተደርድረው ረጅሙን መንገድ ተጓዙ። ፍራሽ ሰፊዋ ከተነሱበት ሰዓት ጀምሮ አፏ አልተዘጋም። ልጇ ሕፃን ሳለች የጥጥ ክምር ውስጥ ተደብቃ ሰፈር ሙሉ እንዳስፈለገች፣ ፋብሪካ ውስጥ አለቃዋ እየሰማ ድምፁን እያስመሰለች ሰው እንዳሳቀች፣ ሚጢጢ የተወለደች ዕለት "ይህቺ ልጅ የኔን አፍንጫ ሰርቃለች" ብላ እንደጮኸች... ሚጢጢ እየሳቀች "ከዚያስ? ከዚያስ?" ትላለች። ሹፌሩ ዓይኑን ከመንገዱ አልነቀለም። አንድ ጊዜ ብቻ፣ "ድምፄን ሳትጠግበው ሄድክ ትለኝ ነበር በስልክ፤ መጀመሪያ ሰሞን" አለና መሪውን አጥብቆ ያዘ። ፍራሽ ሰፊዋ የያዘችውን ውኃ አቀበለችው።

መቃብሩ ሣር በቅሎበታል። ፍራሽ ሰፊዋ ባታውቀው ኖሮ ማንም አያገኘውም ነበር። ሹፌሩ ተንበርክኮ ሣሩን በእጁ መንቀል ጀመረ፤ እየነቀለ ትከሻው ይንቀጠቀጣል። ሚጢጢ ጥቂት ቆማ አየችውና አጠገቡ ቁጭ ብላ አብራው ነቀለች። ከዚያ እጇን አራግፋ አፈሩ ላይ አሳረፈችው።

"እማዬ" አለች፣ "መጣሁ።"

ሰው ሆኖ ሞትን የከለከለ ማን አለ? ድህነትስ ስንቱን እናት ከልጇ ሬሳ አለያየ! ዕጣ ክፉ ነው ይባላል፤ ግን አንዳንድ ጊዜ ዕጣ የጀመረውን ክፋት ሰው ፈርቶ ይጨርስለታል። እዚህ ግን አንዲት ወጣት ጠበቃ ምንም ሳትቀበል ቆመች፤ አንዲት አያት አፏን ከፈተች፤ አንዲት ልጅ ይቅር አለች። ፀሐይ ወደ መግቢያዋ ስታዘነብል ሦስቱ ወደ መኪናው ተመለሱ። ሚጢጢ መሀል ሆና ራሷን በአባቷ ክንድ ላይ፣ እግሯን በአያቷ ጭን ላይ አድርጋ ገና ከከተማው ሳይወጡ እንቅልፍ ወሰዳት። ፍራሽ ሰፊዋ የልጅቷን ጫማ ቀስ አድርጋ አወለቀችላት፤ ሹፌሩም እንዳትነቃ ብሎ ያን ሁሉ መንገድ በዝግታ ነዳ።